ዊንተር ያጣችው ሚኒሶታና የእኛ ክርክር

(በሴንት ፖል በእድራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በማርች 2024 የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ሊቀመንበራችን ስለ ዘንድሮው ዊንተር፣ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ስላለው የብርድ ወቅት፣ እንድናገር የጠየቁኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ከዲሴምበር ጀምሮ ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ፣ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ፣ በኤርፖርቱ የታክሲ ተራ ሳይቀር ክርክሩ ይኸው ነው፦ የብርዱ መጥፋት የአየር ንብረት ለውጥ ማረጋገጫ ነው ወይስ አይደለም? በዚሁ ነገር ተኮራርፈው የቀሩም አሉ። ቦረና ውስጥ ያቤሎ ጂኦግራፊ አስተምር እንደነበር ስለምታውቁ «አንተ ፍረደን» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ መዝገቡ የተያዘው በዚያ ነውና።

መጀመሪያ በሆነው ነገር እንስማማ። የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር በዚህ ወር እንዳስታወቀው፣ ከአላስካና ከሃዋይ ውጭ ባለው አሜሪካ ከተመዘገቡት ዊንተሮች ሁሉ የሞቀው የዘንድሮው ነው። የሦስቱ ወር አማካይ 37.6 ፋራናይት ሆኗል፤ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አማካይ 5.4 ይበልጣል። ሚኒሶታም የራሷን ሪከርድ ሰብራለች። በፈረንጆቹ ገና ቀን ሚኒያፖሊስ ላይ የወረደው ዝናብ ነበር። በሰሜን የሚደረገው የቤርግሪስ የውሾች ውድድር በረዶ ጠፍቶ ተሰረዘ። በዲሴምበር መጨረሻ በአፐር ሬድ ሌክ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሊያጠምዱ የወጡ ከ100 በላይ ሰዎች የቆሙበት በረዶ ከዳር ተገንጥሎ ይዟቸው ሄደ፤ በነፍስ አድን ሠራተኞች ተረፉ። ይህን የሚክድ ሰው እዚህ ቤት ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ስለ አንድ ወንድማችን ልንገራችሁ። እንድናገር ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን አልጠራም። የ2022–23ቱን ዊንተር ታስታውሳላችሁ። በዚህ ከተማ 90 ኢንች በረዶ የወረደበት፣ በመዝገቡ ሦስተኛው በረዷማ ዊንተር ነበር። ይህ ወንድማችን ሌሊቱን ለሰው መኪና ማቆሚያ በረዶ ሲጠርግ እያደረ፣ የመኪናው ባለቤት የሚያገኘውን ገንዘብ አየ። «ለምን የራሴን አልገዛም?» አለ። በበጋው ተበደረ፤ ያገለገለ ፒክአፕ ገዛ፤ ከፊቱ የበረዶ መግፊያውን፣ ከኋላው የጨው መበተኛውን አስገጠመ። ከሱቆችና ከአፓርትመንቶች ጋር ተዋዋለ። ውሉ በረዶ በወረደ ቁጥር የሚከፈል ነው። ኖቬምበር አለፈ፤ ምንም የለም። በዲሴምበር ስልኩን ለሌሊቱ 8 ሰዓት እየሞላ ይነሳና በመስኮት ያያል፤ አስፋልቱ ደረቅ ነው። ባለቤቱ «ተኛ፣ ቢወርድ እኮ ትንበያው ይናገራል» ትለዋለች፤ እሱ ግን ይነሳል። በጃንዋሪ ትንሽ ወርዶ በሳምንቱ ሟሟ። ዕዳው ግን በየወሩ ይቆጥራል። በፌብሩዋሪ ቀን መደበኛ ሥራውን ሠርቶ፣ ማታ ኡበር መንዳት ጀመረ። ያኔ በዚሁ አዳራሽ ከመካከላችን አንዱ ትከሻውን መታ አድርጎ «ምን ያስከፋሃል? እግዚአብሔር ብርዱን አስቀረልን!» አለው። እዚያው ቆሜ ነበር። ወንድማችን አንድ ቃል አልመለሰም።

ይህን ያወራሁት ለሐዘኔታ አይደለም። ወንድማችን ሰነፍ ወይም ችኩል ሆኖም አይደለም። የአንድ ዓመት በረዶ አይቶ የሚቀጥለውን ፈረደ። እኛም ሁላችን የምናደርገው ይህንኑ ነው! በጃንዋሪ 2019 ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት ገብታ ፖስታ ቤት እንኳ ማደል ያቆመ ጊዜ «የዓለም ሙቀት የምትሉት የታል?» ብለን ሳቅን። ዘንድሮ በፌብሩዋሪ በሸሚዝ ስንወጣ ደግሞ «ይኸው ማረጋገጫው» አልን። በ2015 የዓለምን መሞቅ የሚክዱት ሴናተር ጄምስ ኢንሆፍ የበረዶ ድቡልቡል ይዘው ምክር ቤት ገብተው የወረወሩት እኮ በዚሁ ስሌት ነው። አንድ ዊንተር አንዱንም ወገን አያስረታም።

እስቲ የራሳችንን እድር አስቡት። የወር መዋጮውን የወሰንነው በአንድ ወር ሐዘን አይደለም። ሰው ያልሞተበት ወር አለፈ ብለን መዋጮ አልቀነስንም፤ ሁለት ሐዘን በአንድ ሳምንት ቢደርስብንም እድሩ አልፈረሰም። የዓመታቱን መዝገብ ገልጠን ነው የወሰንነው። የአየር ንብረትም የሚታወቀው እንዲህ ነው። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች አማካይ የሚያወጡት በ30 ዓመት መዝገብ ነው፤ አሁን የሚጠቀሙበት ከ1991 እስከ 2020 ያለውን ነው።

እንግዲያው መዝገቡን እንግለጥ። ከእናንተ አንዱ «በ1877ም ዊንተር ጠፍቶ ነበር፤ ያኔ መኪና ነበር ወይ?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አላልፈውም። እውነት ነው፣ የ1877–78ቱ ዊንተር እዚህ ከተማ እስከ ዘንድሮ ድረስ ሪከርዱን ይዞ ቆይቷል። ኤልኒኞ ማለት የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ከወትሮው ሞቆ የብዙ አገር አየር ሲዛባ ነው፤ ያን ዓመት ከታዩት እጅግ ብርቱዎቹ አንዱ ነበር። ዘንድሮም ብርቱ ኤልኒኞ አለ፤ ለዚህ ሙቀት ትልቅ ድርሻ አለው፤ ይህን የማይናገር ሰው ግማሹን እየደበቀ ነው። ከ1877 በኋላ ግን ምን ሆነ? እንዲህ ያለ ሞቃት ዊንተር ብርቅ ሆኖ ኖረ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን 1986–87፣ 1997–98፣ 2001–02፣ 2011–12 እያለ ተመላለሰ። ብርዱን ደግሞ እዩት፦ በዚህ ከተማ ከዜሮ በታች 30 የተመዘገበው ለመጨረሻ ጊዜ በፌብሩዋሪ 1996 ነው። ያ ሁሉ ያወራንለት የ2019ኙ ብርድ እንኳ እዚያ አልደረሰም። ሚኒሶታ ከበጋዋ ይልቅ ዊንተሯ፣ ከቀኗም ይልቅ ሌሊቷ ፈጥኖ እየሞቀ ነው።

ይህ ደግሞ ትናንት የተፈጠረ ወሬ አይደለም። አባቶቻችን ዓድዋ ላይ ድል በመቱበት በዚያው ዓመት፣ በ1896፣ ስቫንቴ አረኒየስ የተባለ የስዊድን ሳይንቲስት የድንጋይ ከሰል ጭስ የሚጨምረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምድርን ምን ያህል እንደሚያሞቅ በእጁ አስልቶ አሳተመ። ጋዙ ከመሬት ወደ ላይ የሚወጣውን ሙቀት ስለሚያስቀር ፀሐይ በሌለችበት ሌሊትም ይሠራል፤ ስለዚህ ሌሊቱ ከቀኑ፣ ዊንተሩም ከበጋው አብልጦ እንደሚሞቅ ያኔ ጽፏል። ጋዙ ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 280 እጅ ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። «ስለ አየር ንብረት ማውራት የነጮች ቅንጦት ነው» የሚለውን ንግግር ዳግመኛ መስማት አልፈልግም!

ያቤሎ ያስተማርኳቸው ልጆች ዛሬ የልጆች አባት ናቸው። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ ቦረና ላይ አምስት ዝናብ ተከታትሎ ቀረ። ዋናው ዝናብ ቀረ፤ ሐገያ የሚሉት አጭሩ ዝናብም ቀረ፤ እንደገና ቀረ። ወንዶች ተሰልፈው እየዘፈኑ ውኃ በሚቀዱባቸው በእነዚያ ጥልቅ ጉድጓዶች ዙሪያ የከብት ሬሳ ተከመረ። ከብት የሌለው ቦረና ምን ማለት እንደሆነ እዚያ የኖረ ያውቀዋል። ወርልድ ዌዘር አትሪቢውሽን የተባለው የሳይንቲስቶች ቡድን በኤፕሪል 2023 እንደገለጸው፣ የአየር ንብረት ለውጥ የዚህን ዓይነት ድርቅ ዕድል 100 እጥፍ ያህል አድርጎታል። ያው የዝናብ እጥረት ዓለም ባልሞቀችበት ዘመን ቢሆን ኖሮ ድርቅ እስከመባል አይደርስም ነበር ይላሉ፤ የቀረችውን እርጥበት ከአፈሩ የመጠጠው የጨመረው ሙቀት ነው። ያን ጊዜ ከዚህ አዳራሽ ገንዘብ አዋጥተን ልከናል። ላኪዎቹ እኛ፣ ተቀባዮቹ የእኛው ዘመዶች! ታዲያ ጉዳዩ የነጮች የሆነው በየት በኩል ነው?

ደግሞ ስሙ። እኛን እዚህ ያሞቀን ኤልኒኞ ባለፈው ጥቅምትና ኅዳር በሶማሌ ክልል ጎርፍ ሆኖ ሰው ወስዷል። በትግራይና በአማራ ወረዳዎች ደግሞ ድርቁን አባብሷል። በ2015–16ቱ ኤልኒኞ ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገናችን የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆኖ ነበር። የማሞቂያ ክፍያችን ቀነሰ ብለን ደስ ቢለን አልፈርድም፤ እኔም ሂሳቡ ሲቀንስ ደስ ብሎኛል። ግን ይህን እያወቅን «እግዚአብሔር አስቀረልን» ብሎ ነገሩን መዝጋት በፈጣሪ ስም ዓይንን መጨፈን ነው። ከብቱ ላለቀበትም ያው ፈጣሪ ነው ያለው።

«ኢትዮጵያ ምን አጨሰች?» ለሚለው መልሱ፦ ምንም ያህል። ዓለም ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል ከምታወጣው ካርቦን የአገራችን ድርሻ የአንድ በመቶ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። አሜሪካ ግን እስከ ዛሬ ከተለቀቀው ሩብ ያህሉ የእርሷ ነው። እኛ አሁን የምንኖረው እዚህ ነው፤ የምንነዳው እዚህ ነው፤ ድምፅ የምንሰጠውም እዚህ ነው። እዚህ አገር ነዋሪ፣ እዚያ ተጎጂ ሆነን ዝም የምንል እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ስለ ቀሪው አላረዝምም። ሚኒሶታ በ2040 ኤሌክትሪኳን ሙሉ በሙሉ ከካርቦን ነፃ ለማድረግ አምና ሕግ አውጥታለች። የሚኒሶታ ምክር ቤት ከዚህ አዳራሽ ሩቅ አይደለም፤ ሕዝብ ሲጠራ እንሂድ፣ የቦረናንም ነገር እንናገር። አገር ቤት ስትደውሉ ስለ ዝናቡ ጠይቁ፤ መቼ ጀመረ፣ መቼ አቆመ የሚለውን ልጆቻችሁ ይጻፉት።

ለወንድማችን ጉዳይ ደግሞ፣ በበረዶ እጦት ለከሰሩ አነስተኛ ንግዶች የፌዴራሉ መንግሥት ዝቅተኛ ወለድ ያለው ብድር ፈቅዷል። ቅጹ ረጅም ነው። የሂሳብ ሥራ የምታውቁ ልጆች ከሻይ በኋላ በግራ በኩል ባለው ጠረጴዛ አብራችሁት ተቀመጡ።

አሁን መድረኩን ለውይይት እለቃለሁ። ከእኔ ጋር የማይስማሙት ቀድመው ይናገሩ።