ላሟ የየት አገር ናት?

እሺ፣ ገባን። ሰላም ናችሁ? ዛሬ ያንን የኪራይ ጉዳይ ላወራ ነበር፣ ቃል ገብቼላችኋለሁ፣ ግን ይቆየን። አርባ ስድስት ቁጥር እንቅልፍ ነስታኛለች። አዎ፣ የእማዬ አርባ ስድስት ቁጥር፣ ከታች በቀኝ በኩል ያለችው የመንጋጋ ጥርሷ። «ተነቀለች፣ ተገላገላችሁ» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ አላችሁ። አልተገላገልንም።

ጥርስ ሲነቀል ቦታው ዝም ብሎ አይጠብቅም። አጥንቱ ይከሳል። ጥርሱን ተሸክሞ ሲታኘክበት ነው ጤናው፣ ሥራ ሲያጣ ሰውነት መልሶ ይወስደዋል። በመጀመሪያው ዓመት ከወርዱ እስከ ግማሽ ድረስ ሊሄድ ይችላል፣ አብዛኛው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ስለዚህ ኢምፕላንት ልትከል ስትሉ፣ ያቺን አጥንት ውስጥ ገብታ ምትክ ጥርስ የምትሸከመውን የታይታኒየም ብሎን ማለቴ ነው፣ የሚይዛት በቂ አጥንት ላይኖር ይችላል። ቦን ግራፍት የሚመጣው እዚህ ጋ ነው፤ የጎደለውን ይሞሉታል።

እና ያቺን ደቂቃ ልንገራችሁ፣ ታገሱኝ። ዶክተሩ ራጁን ስክሪኑ ላይ ከፈተ፣ አጥንቱ የቀጠነበትን በእስክሪብቶ አሳየን። ከዚያ ትንሽ ብልቃጥ አወጣ። ውስጧ እንደ ሻካራ ጨው ያለ ነጭ ነገር አለ፣ ነቅነቅ ሲያደርጋት ትንኮሻኮሻለች። «እማማ፣ ይህን ነው የምንሞላልዎት፣ አጥንት ነው» አላት። እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች። «የምን አጥንት ነው የኔ ልጅ?» «የላም ነው።» ትንሽ ዝም አለች። ብልቃጧን አየቻት። ከዚያ «ላሟ የየት አገር ናት?» አለች።

ሳቀ።

ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ይህን ልበል። ደግ ልጅ ነው፣ እጁም ቀላል ነው፣ ውጭ ደግሞ ወንበሩ ሁሉ በተረኛ ሞልቶ ነበር። «አይጨነቁ እማማ፣ ንጹሕ ነው» አለና ዞሮ ለእኔ ዋጋውንና ቀጠሮውን ይነግረኝ ጀመር። የጠየቀችው እሷ፣ ንግግሩ ከእኔ ጋር። እማዬ አልሳቀችም። ብልቃጧ ጠረጴዛው ላይ ነበረች፣ ዓይኗን ከእሷ ላይ አላነሳችም። በባጃጅ እስከ ፒያሳ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም። እማዬ! ታውቋታላችሁ እኮ፣ ባጃጅ ውስጥ ከሹፌሩ ጋር ዘመድ የምትቆጥር ሴት ናት።

ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። እና ጥያቄው ትክክል ነው! በጣም ትክክል ነው። እንግሊዝ ውስጥ የእብድ ላም በሽታ የሚሉት መጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ መንግሥታቸው ራሱ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ከከብት የሚሠራ የሕክምና ዕቃ ሲመዘን ከብቱ ከየት አገር መጣ ብሎ መጠየቅ የደንብ ነው። ትልልቅ ተቆጣጣሪዎች በወረቀት የሚጠይቁትን እማዬ በአፏ ጠየቀች። መልሱ ደግሞ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ከብቱ ተመርጦ ነው፣ አጥንቱ በሙቀትና በኬሚካል ይታጠባል፣ ሥጋም ስብም ፕሮቲንም ወጥቶ ማዕድኑ ብቻ ይቀራል፣ የእርስዎ አጥንት በላዩ ላይ ያድጋል፣ እሱ ግን ቶሎ አይጠፋም፣ ለዓመታት እዚያው ሊቆይ ይችላል። በቃ። ይህን ብትሰማ ደስ ይላት ነበር። ወይም አይላትም፣ ግን አውቃ ነው።

ሌላም አለ እኮ። ከራሷ መውሰድ ይቻላል፣ ከአገጭ ወይም ከኋላ መንጋጋ አካባቢ። ሕያው ሴል ያለው በተለምዶ እሱ ነው። ግን ሁለተኛ ቁስል ነው፣ እማዬ ደግሞ ስኳር አለባት፣ ስኳሩ ከፍ ባለ ቁጥር ቁስል ይዘገያል። ከሞተ ሰው የተለገሰ፣ ተመርምሮ ባንክ የተቀመጠ አጥንትም አለ፤ እሱን ገና አላነሳሁባትም። ከዚያ ደግሞ ከእንስሳም ከሰውም ያልመጣ፣ በፋብሪካ የሚሠራ የካልሲየምና የፎስፌት ውህድ አለ። አንዳንዱ ቶሎ ይሟሟል፣ አንዳንዱ ይቆያል።

ቆይ፣ ስለ ሰው ሠራሹ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በጣም ወድጄዋለሁ። ላሪ ሄንች የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 አውቶቡስ ላይ ከቬትናም ከተመለሰ ኮሎኔል ጎን ተቀመጠ። ኮሎኔሉ የቆሰሉ ወታደሮች አይቷል፣ ሰውነት የማይገፋው ነገር መሥራት አትችሉም ወይ ብሎ ጠየቀው። የአውቶቡስ ወሬ ነው። ሄንች ግን ጥያቄውን ይዞት ሄደ። በ1969 ከአጥንት ጋር የሚጣበቅ ብርጭቆ ሠራ፣ ዛሬ መንጋጭላ ውስጥም ይሞላል። አንድ ሰው ጠየቀ፣ አንድ ሰው ደግሞ ከልቡ ሰማ... እሺ፣ ወደ እማዬ ልመለስ።

እያነበብኩ ሌላ ነገር ላይ ወደቅኩ። ያቺ ጥራጥሬ ከተሞላች በኋላ ብዙ ጊዜ ስስ ሽፋን ይደረግባታል። ሜምብሬን ይሉታል። ድዱ ከአጥንቱ ቀድሞ ገብቶ ቦታውን እንዳይይዝ ነው። ሽፋኑ ከኮላጅን ይሠራል፣ ኮላጅኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ነው። ከላምም አለ፣ ግን የአሳማው በጣም የተለመደ ነው።

እማዬ ይህን አልሰማችም። ማንም አልነገራትም።

ላሟን ስትሰማ እንኳን «የንስሐ አባቴን ልጠይቅ» ነው ያለችው። እሑድ ገብርኤል ስትሄድ ልታናግራቸው ነው። ስለ ላም ልትጠይቅ! መድኃኒት ነው ይሏት ይሆናል፣ ስለ አሳማውም እንደዚያው ይሏት ይሆናል፣ በእሳቸው ቦታ ሆኜ አልናገርም። ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው፣ ልጃቸው ኢምፕላንት አድርጋለች፣ እነሱንስ ማን ነገራቸው? ተናደድኩ። ከዚያ ደግሞ ንዴቴ ወዲያው ይበርዳል፤ ነግሬያት እንቢ ብትልስ? ወሩ እየሄደ ነው፣ አጥንቱም እየሄደ ነው። ቡና ላይ ቆሎው ሲዞር ትዘግንና ለልጆቹ ታካፍለዋለች፣ አንዷንም አፏ አታደርግም። አሞራ ገደል ሄደን ዓሣውን እንኳ በግራ በኩል ብቻ ነው፣ ቀስ ብላ፣ እያየኋት።

ከራሷ ደም የሚሠራም አለ። ደሟ ተቀድቶ በማሽን ይሽከረከርና የረጋው ክፍል ይነጠፋል። የራሷ ነው፣ ንስሐ አባትም አያስፈልገው። ግን በቀናት፣ ቢበዛ በሳምንታት ይሟሟል፣ የአጥንቱን ጥራጥሬ ሙሉ በሙሉ አይተካም።

ክሊኒኩ ደወልኩ። ሽፋናችሁ ከምንድን ነው የተሠራው፣ ከላም የሆነ ማዘዝ ይቻላል ወይ አልኳት። ልጅቷ በትሕትና ነው የመለሰችልኝ፣ ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ይሆናል፣ አይቼ እደውልልሻለሁ አለች። አልደወለችም። ነገ ራሴ እሄዳለሁ። ምናልባት እማዬን ይዣት ብሄድ፣ ራሷ ብትጠይቀውስ፣ «ሽፋኑስ ከምንድን ነው የኔ ልጅ?» ብትለው... ግን ለዚያ መጀመሪያ ሽፋን እንዳለ ልነግራት ነው፣ ከነገርኳት ደግሞ ከእሑድ በፊት ነው ወይስ... አይ፣ ቆይ፣ ስልክ እየጠራ ነው፣ እሷ ናት መሰለኝ...