የትምባሆ ጭስና የአፍ ሽፋን ሕዋሳት

[ምስል፦ የጉንጭ ውስጠኛ ሽፋን ጎልቶ ሲታይ]

የሲጋራ ጭስ ሳንባ ከመድረሱ በፊት በአፍ ስለሚያልፍ፣ ሙቀቱንም ሆነ የተሸከማቸውን ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች ቀድመው የሚቀበሉት አፍን ከውስጥ የሸፈኑት ሕዋሳት ናቸው። ሕዋሳቱ በድርብርብ የተደረደሩ ሲሆኑ፣ ከሥር ያሉት እየተከፈሉ አዳዲሶችን ያፈራሉ፤ አዳዲሶቹም ቀስ በቀስ ወደ ላይ ተገፍተው በመጨረሻ ከምራቅ ጋር ይወገዳሉ። በጉንጭ ላይ ይህ መታደስ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል።

የላይኛው ሕዋስ ሊረግፍ የተቃረበ በመሆኑ ቢጎዳም ብዙ አያሳስብም። የሚያሰጋው ከሥር የሚደርሰው ጉዳት ነው። በጭሱ ውስጥ ያሉት ናይትሮሳሚኖችና ቤንዞፓይሪን የተባሉ ካንሰር አምጪ ኬሚካሎች፣ ሕዋሱ ሊያስወግዳቸው በኢንዛይም ሲለውጣቸው፣ የሕዋሱን የዘር መረጃ ከያዘው ዲኤንኤ ጋር የሚጣበቁ ይሆናሉ፤ መርዙን ለማስወጣት የሚደረገው ጥረት ራሱ መርዙን ያነቃዋል ማለት ነው። ሕዋሱ ጉዳቱን ሳይጠግን ከተከፈለ ስሕተቱ ወደሚወለዱት ሕዋሳት ይተላለፋል፤ ስሕተቱ ያረፈው የተበላሸ ሕዋስ እንዳይራባ በሚገታው ፒ53 በተባለው ጂን ላይ ከሆነ ደግሞ ወደ ካንሰር የሚወስደው መንገድ ይከፈታል።

[ምስል፦ ቀለም የተነከሩ የጉንጭ ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ]

ጉዳቱን ማየትም ይቻላል። ከጉንጭ በለስላሳ ብሩሽ ከተወሰዱት ሕዋሳት አንዳንዶቹ፣ ዲኤንኤው ከሚገኝበት ከዋናው ኒውክለስ አጠገብ ማይክሮኒውክለስ የሚባል ትንሽ ክብ አካል ይታይባቸዋል፤ ይህም ሕዋሱ ሲከፈል ተነጥሎ የቀረ ክሮሞዞም (የዲኤንኤ ጥቅል) ወይም የክሮሞዞም ስባሪ ነው። በማያጨስ ሰው ላይም አልፎ አልፎ ይገኛል፤ በበርካታ ጥናቶች ግን በአጫሾች ላይ በዝቶ ታይቷል። ምርመራው ትልቅ ዋጋ የሚሰጠው፣ እኔ እንደማምነው፣ ምንም ሕመም በማይሰማበት አፍ ውስጥ ሥር የሰደደውን ጉዳት ስለሚገልጥ ነው።

ሽፋኑ ራሱን ለመከላከልም ይሞክራል፤ ኬራቲን የተባለውን ጠንካራ ፕሮቲን እያበዛ ይደነድናል። ላንቃ ሊነጣና የምራቅ እጢዎች መውጫ በቀያይ ነጠብጣቦች ሊታይ ይችላል። ተፍቆ የማይለቅ ነጭ ምልክት፣ በተለይ በምላስ ጎንና ከምላስ ሥር ከታየ፣ ባያምም እንኳ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ በሐኪም መታየት አለበት። አልኮል ከትምባሆ ጋር ሲደመር የአፍ ካንሰር አደጋው በእጅጉ ይባዛል።

[ምስል፦ የሽፋኑ ድርብርብ፣ ከሥር ወደ ላይ]

ማጨስ ሲቆም የላንቃው ንጣት አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። የካንሰሩ ተጨማሪ አደጋ በግማሽ ለመቀነስ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ይወስድበታል፤ ላዩ ቶሎ ቢታደስም፣ ስሕተቱን የተሸከሙት የሥር ሕዋሳት ቶሎ አይለቁምና።