አረሩ የት እንደሚያርፍ ሳናውቅ ቃታ አንሳብ

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዘንድሮ እዚህ ሚኒሶታ ለመጀመሪያ ጊዜ የአጋዘን አደን ፈቃድ ያወጣችሁ ብዙ ናችሁ። በጣም ደስ ብሎኛል። በአፈሙዙ የሚጎርሰው ጠመንጃ ወቅት የሚከፈተው ከታንክስጊቪንግ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ነው። ያኔ ጾመ ነቢያት ገብቷል፤ ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ ሆኖ ገናን ይጠብቃል። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ከዚያ በፊት ስላለው ሥራ፣ ጠመንጃው ያለማችሁበትን እንዲመታ ስለማስተካከል ነው።

ከራሴ ልጀምር። በመጀመሪያው ዓመቴ በ25 ያርድ ሦስት ጊዜ ተኩሼ ወረቀቱን መሀል ለመሀል በሳሁት። በቃ፣ ተስተካክሏል ብዬ ጫካ ገባሁ። አንዲት አጋዘን 170 ያርድ ገደማ ላይ ቆመችልኝ። የስኮፑን፣ ማለትም የማነጣጠሪያ መነጽሩን፣ መስቀል ትከሻዋ ላይ አድርጌ ቃታ ሳብኩ። ጭሱ ሲገለጥ የለችም። በረዶው ላይ የተቆረጠ ነጭ የሆድ ፀጉር አለ፣ ጠብ ጠብ ያለ ደም አለ። እስኪመሽ ተከተልኳት። በማግስቱም ተመልሼ ፈለግኳት። አላገኘኋትም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ምን ሆነ? አረር ከአፈሙዝ ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ ይወድቃል። የእኔ 50 ካሊበር ነው፣ የበርሜሉ ቀዳዳ ግማሽ ኢንች ማለት ነው፤ 100 ግሬን ባሩድና 250 ግሬን አረር ይጎርሳል (ግሬን የባሩድና የአረር መለኪያ ነው)። አረሩ 100 ያርድ ለመድረስ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚያች ጊዜ ብቻ ስንዝር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ይወርዳል። እየራቀ ሲሄድ ደግሞ ፍጥነቱ ይደክማል፣ አወራረዱም ይብሳል። በ100 ያርድ ልክ መሀል እንዲመታ ያስተካከላችሁት ጠመንጃ በ150 ያርድ 6 ኢንች ገደማ ዝቅ ይላል። በ200 ያርድ ከአንድ ጫማ በላይ። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ግን ስፋቱ 8 ኢንች ቢሆን ነው።

ስለዚህ በ25 ያርድ ጀምሩ፤ እሱ ወረቀቱን ለማግኘት ብቻ ነው። የስኮፑ ማስተካከያ ሲዞር ቀጭ ቀጭ ይላል፤ የብዙ ስኮፕ አንድ ቀጭታ አመታቱን በ100 ያርድ ሩብ ኢንች ያንቀሳቅሳል። በ25 ያርድ አንድ ኢንች ለማረም 16 ቀጭታ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ወደ 100 ያርድ ሂዱ። እኔ እዚያ 3 ኢንች ከፍ ብሎ እንዲመታ አደርገዋለሁ። ያኔ በ150 ያርድ 2 ኢንች ያህል ብቻ ዝቅ ይላል፤ እስከዚያ ድረስ ልብና ሳንባው ላይ አልሜ መተኮስ እችላለሁ። ይህ የእኔ ጠመንጃ ቁጥር ነው። የእናንተን የሚነግራችሁ በ150 ያርድ የሰቀላችሁት ወረቀት ነው።

ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ የበርሜሉን ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ፣ ቀጥሎ በደረቅ ወልውሉት። የባሩድ ጥላሸት ሲጠራቀም አረሩ ወደ ታች አልገባም ይላል፣ አመታቱም ይለዋወጣል። ባሩዱንም በዓይን ግምት አትጨምሩ፣ ስፈሩት።

አንድ ነገር በጣም አደራ። አረሩ ባሩዱ ላይ ተጠግቶ ካልተቀመጠ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል። ጠመንጃው በትክክል ሲጎርስ የመጠቅጠቂያው ዘንግ አፈሙዙ ጋ የሚደርስበትን ቦታ በቢላ ጫሩት። ጭረቱ ከአፈሙዙ በላይ ከቀረ አትተኩሱ። ጭስ አልባ ባሩድማ ጨርሶ እንዳታስጠጉ።

ቅዳሜ ጠዋት ተኩስ ሜዳው ላይ ነኝ። ወረቀት እኔ አመጣለሁ። እናንተ አደን የምትወጡበትን ባሩድና አረር ይዛችሁ ኑ፤ ሌላ ዓይነት ከሆነ እንደ አዲስ መጀመር አለብን።