ባለ አስማቱን እስረኛ እንዴት እንያዘው?

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ ወጣት ጸሐፊዎች፤

በምትጽፏቸው የምናብ ታሪኮች ውስጥ እሳት ከመዳፉ የሚያነሣ፣ ከዓይን የሚሰወር፣ የሰው ልብ የሚያነብ ገጸ ባሕርይ አይጠፋም። ያጠፋል፤ ይያዛል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ብዙዎቻችሁ በአንድ አንቀጽ ትዘጉታላችሁ፦ ጉድጓድ፣ ጨለማ፣ ሰንሰለት፣ የዕድሜ ልክ እስር። ዛሬ የምለምናችሁ እዚያች አንቀጽ ላይ እንድትቆዩ ነው።

መጀመሪያ ማን ይታሰር? ይህን ጥያቄ ታሪካችን ያውቀዋል። አምባ ግሸን ላይ ተዘግቶባቸው የኖሩት መሳፍንት ሌቦችም ወንበዴዎችም አልነበሩም። ደማቸው ለዙፋን ስለሚያበቃቸው ብቻ፣ ነገ ያምፁ ይሆናል ተብሎ ተሰግቶ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1434 እ.ኤ.አ. የነገሡት ከዚያ አምባ ወርደው ነው። የጎንደር ነገሥታትም ልማዱን በወህኒ አምባ ቀጠሉበት። አስማት ይዞ የሚወለድ ልጅ ዕጣው ከእነዚያ መሳፍንት ጋር አንድ ነው፤ ምንም ሳያደርግ ይፈራል።

ስለ ቡዳም ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቤተ እስራኤል ወገናችን «ቡዳ ናቸው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» እየተባሉ ተገልለዋል፤ ብዙ ግፍም ደርሶባቸዋል። ከወሬ በቀር የቀረበባቸው ማስረጃ አልነበረም። ስለዚህ በታሪካችሁ ዓለም አስማት እውነት ቢሆን እንኳ ክሱ የሚቆመው በተፈጸመ ድርጊት ላይ ይሁን። «ይችላል» ተብሎ አይፈረድም።

ጥፋቱ ከተረጋገጠስ? ኔልሰን ማንዴላ ከ27ቱ የእስር ዓመታታቸው 18ቱን በሮበን ደሴት አሳልፈዋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የእስረኞች አያያዝ ደንብ በስማቸው ይጠራል። በደንቡ መሠረት በቀን 22 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ከሰው ጋር እውነተኛ ግንኙነት ሳይኖር መዘጋት ለብቻ መታሰር ነው፤ ይህም በተከታታይ ከ15 ቀን ማለፍ የለበትም። ጨለማ ክፍልም፣ መብራቱ ሌት ተቀን የማይጠፋ ክፍልም ክልክል ነው።

ይህን ደንብ ይዛችሁ ወደ ገጸ ባሕርዮቻችሁ ግቡ። የሚሰወረው ሰው ባይታይም ክብደት አለው፤ ስለዚህ በሩ ላይ ሚዛን ያለው ወለል ይበቃል፤ ራቁቱን ማስቀመጥም ሌሊቱን ሙሉ መብራት ማብራትም አያስፈልግም። እሳት የሚያነሣው የድንጋይ ቤትና ውኃ አጠገብ ያለ ጓሮ ይሰጠው፤ እጁ ለምን ይታሰር?

ከሁሉ የሚከብደው ልብ አንባቢው ነው። ጠባቂዎቹ ምሥጢራቸውን ስለሚፈሩ ከሰው ሁሉ ሊያርቁት ይፈልጋሉ። ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የእነሱም ልብ የራሳቸው ነው። ነገር ግን ይህ ሰው ዕድሜውን በሙሉ የሌላ ሰው ሐሳብ ሲሰማ ኖሯል፤ ድንገት ዝም ያለ ክፍል ውስጥ ቢጣል አእምሮው ይናጋል። ኃይሉ የሚደርሰው በቅርብ ላለ ሰው ከሆነ ስልክና ደብዳቤ አይከልከሉት። ልቤ ቢነበብ ግድ የለኝም የሚሉ ፈቃደኛ ጠያቂዎችም ይምጡለት። እናቱ ከመጣች ግን ማንም በመካከላቸው አይቁም።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ። ብዙ ደራሲ ቀላል መፍትሔ አድርጎ የሚያየው ኃይሉን ነቅሎ ማውጣትን ነው። ደም ስለማይፈስበት ርኅራኄ ይመስላል። እኔ ግን ከእጅ መቁረጥ አልለየውም። ባገራችንም የሌባ እጅ የተቆረጠበት ዘመን ነበር፤ ያ ሰው ቅጣቱን ጨርሶም ማረስ አልቻለም። ቤት ያቃጠለው እሳት በብርድ የሚሞት ሕፃንን ሊያድን ይችል ነበር።

ኃይሉ ለጊዜው ይታሰር ካላችሁ ልኩ ይታወቅ። በጥንቱ የክታብ ወግ ብራናው የሚቆረጠው በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው። ማሰሪያውም እንደዚያው በሰውየውና በጥፋቱ ልክ ይቆረጥ፤ ዳኛ በየጊዜው ያየው፤ ከእስር ቤቱ ትእዛዝ የማይቀበል ሐኪም ይመርምረው። አስማት የማይሠራበት ክፍል ከተሠራም ባለ አስማት የሆነው ጠባቂ አብሮ ይግባ። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር፤ አሳሪውም የእስሩን ክብደት ይቀምሰዋል።

በመጨረሻ የሚፈታበትን ቀን ጻፉት። በ2010 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የኖርዌይ ሃልደን እስር ቤት የተሠራው ቅጣቱ ነፃነትን ማጣት ብቻ ነው፣ የቀረው ኑሮ የውጪውን ይምሰል በሚል ሐሳብ ነው፤ እስረኛው ነገ ጎረቤት ስለሚሆን። የእናንተስ እስረኛ ሲወጣ ማሰሪያውን ማን ይፈታለታል? ቤት ማን ያከራየዋል? እሳቱን ሸክላ መተኮስ ላይ እንዲያውለው ያስተማረው ሰው ነበር? ቤቷ የተቃጠለባት ሴትስ ካሳዋን አገኘች? እሷንም አትርሷት፤ ሲፈታ አስቀድሞ ይነገራት፤ ላግኘው ወይስ አላግኘው የሚለውን እሷ ትወስን።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።