«ዊኪ» የምትለዋ ቃል ከየት መጣች?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ! ውክፔዲያ ውስጥ ያለችው «ዊኪ» ምን ማለት ናት? «ኢንተርኔት» ያላችሁ፣ አይደለም። «መዝገብ» ያላችሁም፣ አይደለም። የሃዋይ ቃል ናት። ዊኪ ማለት ፈጣን፤ ስትደገም፣ ዊኪዊኪ፣ ቶሎ ቶሎ።

እዚህች ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ስለምወዳት ነው። እኛም እኮ እንደግማለን! እናቴ እንግዳ ደጅ ሲደርስ «ቶሎ» ብላ አታቆምም፤ «ቶሎ ቶሎ በሉ እንጂ!» ነው። አንዷ «ቶሎ» ትእዛዝ ናት። ሁለት ስትሆን ሩጫው ራሱ ይሰማል፤ ቶሎ በግራ እግር፣ ቶሎ በቀኝ። (የቋንቋ ምሁራን፣ እንዳልሰማችሁ እለፉኝ።)

ታዲያ ከሃዋይ በምን ወጣች? በአውቶቡስ! ዋርድ ከኒንግሃም የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር ሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ሠራተኛው «ዊኪ ዊኪውን ያዝ» ይለዋል። ግራ ገባው። ለካ ሰው ከተርሚናል ተርሚናል የሚያመላልሰው አውቶቡስ ስሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ማንም ገብቶ የሚያርመው ድረ ገጽ ሲሠራ ያቺ አውቶቡስ ትዝ አለችው፤ «ዊኪዊኪዌብ» አለው። አሠራሩን ታውቁታላችሁ፤ አርም፣ ጻፍ፣ አስቀምጥ፣ አለቀ። ውክፔዲያ በ2001 ተከተለ።

አሁን ወደ እናንተ። ስንቶቻችሁ ናችሁ «ዊኪ ምህጻረ ቃል ነው፣ ‹የማውቀው ይህ ነው› ከሚለው እንግሊዝኛ የተወሰደ» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ? ያምራል፤ ግን ቃሏ ከታወቀች በኋላ የተሰፋላት ቀሚስ ነው። «ምስጢራዊ ሰነዶችን በማውጣት የታወቀው ዊኪሊክስስ፣ የውክፔዲያ ወንድም አይደል?» አይደለም! አበበ የተባለ ሁሉ የአበበ ቢቂላ ወንድም ነው እንዴ? ስም ነው የተጋሩት፣ ቤት አይደለም። ይህን ለሦስተኛ ጊዜ ነው የምመልሰው፤ ሰብስክራይብ ብታደርጉ ኖሮ ሁለቱን ትሰሙ ነበር።

አንድ ተመልካች ደግሞ ተረት ጠቀሰብኝ፤ «የቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ።» ልክ ነው፣ ውክፔዲያ ላይ የተሳሳተ ነገር አንብቤ አፍሬ አውቃለሁ። ግን ከሱ በፊት ኑፔዲያ የሚባል የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ነበር፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ በምሁራን ተጣርቶ፣ በድንጋይ የሚገነባ። በ2003 ሲዘጋ ያለቀለት ጽሑፍ ወደ 25 ገደማ ነበር። ድንጋዩ ከመሠረት ሳይወጣ፣ ሰንበሌጡ ውስጥ ሰው ገብቶ ቡና አፍልቷል።