ልጄ አባቷን የምታውቀው በጾም ነው፦ የባንድ ሙዚቀኛ የመንገድ ኑሮ

(ባሕር ዳር ላይ ከተቀረጸ የፖድካስት ውይይት በጽሑፍ የተገለበጠ)

አቅራቢዋ፦ እንደምን ሰነበታችሁ፣ ውድ አድማጮቻችን። ዛሬም እንደወትሮው ከባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ነን። ሙቀቱ ስለበረታ መስኮቱን ከፍተን ነው የምንቀርጸው፤ በመሀል የባጃጅ ጥሩምባ ቢሰማችሁ እንደ ሦስተኛ አቅራቢ ቁጠሩት። የዛሬው ርእሳችን ይህን ዝግጅት አብረውኝ የሚያሰናዱት ባለክራር ራሳቸው የኖሩት ጉዳይ ነው፤ ከ15 ዓመት በላይ ከባንድ ጋር ከከተማ ከተማ ሲዞሩ ኖረዋልና። ጋሼ፣ ሁልጊዜ አብረን ሌሎችን ስንጠይቅ ቆይተን ዛሬ እርስዎን መጠየቄ ቅር አይበልዎት።

ባለክራሩ፦ ቅር አይለኝም፤ ብቻ አስቀድሜ ላስጠንቅቅሽ። ሰው ስለ ሙዚቀኛ መንገድ ሲጠይቅ መስማት የሚፈልገው ስለ ጭብጨባውና ስለ መድረኩ መብራት ነው። እኔ ግን የመንገድ ኑሮ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ነው። በእኛ አገር ባንድን ከቤቱ የሚያስወጣውም ወደ ቤቱ የሚመልሰውም ባሕረ ሐሳብ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አቅራቢዋ፦ ባሕረ ሐሳብ ሲሉ የአጽዋማትና የበዓላት ማስያውን ነው? ካህናት የሚያሰሉትን?

ባለክራሩ፦ እሱኑ ነው። ነገሩን በቁጥር ላሳይሽ። ጥምቀት ከጥር 11 ንቅንቅ አይልም፤ ዐቢይ ጾም ግን ቢቀድም የካቲት 1፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ይገባል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ የሠርግ ወቅት ነውና፣ ጾሙ በቀደመ ዓመት ሦስት ሳምንት እንኳ ያልሞላ ሥራ ይኖረናል፤ በዘገየ ዓመት ደግሞ ሰባት ሳምንት አልፎ ወደ ስምንተኛው ይጠጋል። ስለዚህ የአዲስ ዓመት ቀን አዋጅ ሲነገር ሌላው ሰው በዓሉ መቼ እንደሚውል ይሰማል፣ እኛ ግን የቤት ኪራያችንን እናሰላ ነበር። ከዚያ በኋላ 55 ቀን ጾም ነው፤ ሠርግ የለም፣ ዳንኪራውም ይቀዘቅዛል። ከትንሣኤ ማግሥት በዓለ ኀምሳ ይመጣል፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት 50 ቀን ነውና ለባንድ መኸሩ ያ ነው። ከጰራቅሊጦስ በኋላ የሰኔ ጾምና ክረምቱ ተደራርበው ይመጣሉ፤ ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ ደግሞ ጾመ ነቢያት አለ።

አቅራቢዋ፦ የሙስሊም ወገኖቻችን ሠርግና የዒድ በዓልስ? በከተማችን እሱም ትልቅ ሥራ አይደለም?

ባለክራሩ፦ ነው እንጂ፤ ብዙ ዓመት በዐቢይ ጾም ወቅት የባንዱን ምሳ የሸፈነው እሱ ነው። ነገር ግን ረመዳን በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ወደ ኋላ ይጓዛል፤ በ2017 ዓ.ም ዐቢይ ጾም በገባ ሳምንት ሳይሞላው ረመዳንም ገባ። እንደዚያ ባለ ጊዜ ባንድ ጊታሩን አቧራ አራግፎ ከመስቀል በቀር የሚሠራው የለም።

አቅራቢዋ፦ እንግዲህ ሌላው ሰው በዓል ሲያከብር እናንተ መንገድ ላይ ናችሁ፣ ሌላው ሲጾም ደግሞ ቤታችሁ ናችሁ ማለት ነው።

ባለክራሩ፦ ትክክል፤ ይህም በቤት ውስጥ የሚያመጣውን ነገር በአንዲት ታሪክ ልንገርሽ። ልጄ አምስት ዓመት ገደማ ሳለች አስተማሪዋ «አባትሽ ምን ምግብ ይወዳል?» ብላ ብትጠይቃት «ሽሮ» ብላ መለሰች። ሽሮ አልወድም፤ እናቷም ይህን ታውቃለች። ልጅቱ ግን ከሽሮና ከምስር በቀር ሌላ ስበላ አይታኝ አታውቅም ነበርና ያየችውን ተናገረች። የፋሲካ ለት ዶሮው ቀርቦ የአባወራው ድርሻ የሆነው ፈረሰኛ ሲወጣ እኔ ምናልባት ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ፣ ከሾፌሩ ጋር በአንድ ትሪ ጥብስ እየገደፍኩ ነኝ። ባለቤቴ ፈረሰኛውን ክዳን ባለው ሣህን አድርጋ ፍሪጅ ውስጥ ታኖርልኛለች። አንዳንድ ዓመት ለዳግም ትንሣኤ እደርስበታለሁ፤ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ የተደፋበት ዓመትም አለ።

አቅራቢዋ፦ አሁን ወደ መንገዱ ራሱ እንውጣ። ከባሕር ዳር ተነሥታችሁ አዲስ አበባ ለሥራ ስትሄዱ ጉዞው ምን ይመስል ነበር?

ባለክራሩ፦ አሥራ አንድ ሰው በአንድ ሃይሩፍ፤ ስፒከሩና ከበሮው ፖርቶ መጋላው ላይ በሸራ ተጠፍሮ። ድምፃዊው ጋቢና ይቀመጣል፣ ይህ ያልተጻፈ ሕግ ነው፤ ድራመሩ ከኋላ፣ እግሩን የሚዘረጋበት አጥቶ። መርዓዊን፣ ዳንግላን አልፈን እንጅባራ ስንደርስ ብርዱ ያንቀጠቅጠናል፤ ከደጀን አፋፍ እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ስንወርድ ደግሞ ላብ በላብ እንሆናለን፤ ጎሐ ጽዮን ስንወጣ እንደገና ጋቢ ያስፈልገናል። ከደጃችን፣ ከጣና የወጣውን ዓባይን በረሃው ውስጥ ሌላ ወንዝ ሆኖ ስናገኘው ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። ሰው ይህን ሁሉ ይችለዋል፤ ክራር ግን አይችለውም።

አቅራቢዋ፦ እንዴት?

ባለክራሩ፦ የክራር ሆድ ቆዳ ነው፤ ክሮቹን ከሥር ደግፎ የሚይዘው ብርኩማ ደግሞ በዚያ ቆዳ ላይ ይቆማል። በረሃው ሲያደርቀው ቆዳው ይወጠርና ብርኩማውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ክሮቹም አብረው ይወጠራሉ፣ ድምፁ ከፍ ይላል። ጣና ዳር ስትመለሺ ማታ ማታ ከሐይቁ የሚነሣው እርጥበት ያላላዋል፤ ድምፁ ይወርዳል። ጠዋት ቤቴ ትዝታ የቃኘሁት ክራር ደጀን ላይ ከቦርሳው ሳወጣው ትዝታም ባቲም ያልሆነ፣ ስም የሌለው ቅኝት ሆኖ ያገኘሁበት ቀን ብዙ ነው። ስለዚህ በረሃው አፋፍ ላይ ሌላው ሰው ቡና ሲያዝ እኔ ክሮቹን ከቀንበሩ ላይ አላላቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ሰንፌ ተውኩት፤ ጎሐ ጽዮን ደርሰን ቦርሳውን ስከፍት ቆዳው ከስፌቱ ጫፍ፣ አንድ ጣት በምታህል ቦታ ተተርትሮ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ማታ የተጫወትኩት በተውሶ ክራር ነው፤ የሰው ክራር እንደ ሰው ጫማ ነው፣ ይሄዳል ግን አይመችም። ዋሽንት ነፊው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ የአንድ ዋሽንት ቃና የተቆረጠ ስለሆነ ድምፃዊው ሌላ ቃና ላይ ልዝፈን ባለ ቁጥር ሌላ ዋሽንት መያዝ አለበት፤ የእኛው ጓደኛ እንደ ፍላጻ ኰረጆ አንድ ሙሉ እሥር ይዞ ነበር የሚዞር። ባለማሲንቆው የጭራውን ደጋን የሚያሽበት ዕጣን በጠፋው ጊዜ መናኸሪያ ወርዶ ከዕጣን ሻጮች ይገዛ ነበር።

አቅራቢዋ፦ ባለኪቦርዱ ግን ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው።

ባለክራሩ፦ ከቆዳና ከዕጣን ነፃ ነው፣ ከመብራት ግን ነፃ አይደለም። ጄኔሬተር በተነሣና በወደቀ ቁጥር ኪቦርዱ ራሱን አጥፍቶ ሲያበራ መሀል ዘፈን ላይ የምንቀረው ባለ ክርና ባለ ቆዳ መሣሪያዎች ነን። በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ያገኘሁትን ጭብጨባ አልረሳውም፤ ይህን ስል ለባለኪቦርዱ ጥላቻ የለኝም።

አቅራቢዋ፦ (ሳቅ) ገብቶኛል። ስለ ገንዘቡ እናውራ። ሠርግ ላይ ድምፃዊው ግንባር ላይ ብር ሲለጠፍ እናያለን። ያ ብር የማን ነው?

ባለክራሩ፦ ብዙ ባንድ የፈረሰው በዚህ ጥያቄ ነው። ኮንትራት አለ፣ ቀብድ ይከፈላል፣ ቀሪው ከዝግጅቱ በኋላ ይሰጣል፤ ይህ በወረቀት ያለ ነው። ሽልማት ግን በወረቀት የለም። ድምፃዊው «የተለጠፈው እኔ ግንባር ላይ ነው» ይላል፤ አጃቢው «እኛ ባንጫወትልህ ማን ይለጥፍልህ ነበር» ይላል፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። በእኛ ባንድ መኪናው ሳይነሣ ነበር የምንነጋገረው፦ ግማሹ ለድምፃዊው፣ ግማሹ ለቀረነው እኩል፣ ከሁሉ በፊት ግን የሾፌሩና የረዳቱ ድርሻ ይወጣል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሆቴል ገብተን በአንድ አንሶላ ላይ ብሩን አፍስሰን እንቆጥር ነበር፤ በላብ የራሰ፣ የተጣበቀ፣ አንዳንዱ የሽቶ ጠረን ያለው ብር። የ200 ብር ኖት በ2013 ዓ.ም መግቢያ ላይ ሲወጣ ቆጠራችን ቀለለ፤ ነገር ግን ሰው አንዱን 200 ለጥፎ ይቀመጥ ጀመር፤ የድሮው አሥር አሥር ብር እየለጠፈ ሙሉ ዘፈን አብሮን ይጨፍር ነበር።

አቅራቢዋ፦ ገንዘቡ ጭራሽ ያልተገኘበት ጊዜስ?

ባለክራሩ፦ ከተማውን አልጠራውም። የሙዚቃ ዝግጅት ነበር፤ ፕሮሞተሩ የመግቢያውን ገንዘብ ሰብስቦ፣ እኛ የመጨረሻውን ዘፈን ስንጫወት በኋላ በር ሄደ፤ ስልኩም ተዘጋ። የሁለት ሌሊት የአልጋና የምግብ ሒሳብ አልተከፈለም ነበርና ሆቴሉ ስፒከሮቻችንንና ሚክሰሩን መያዣ አድርጎ ያዘ። ባለቤቱን አልወቅሰውም፤ እሱም እንደኛው ተታልሏል። ተመካክረን እዚያው ሆቴል ባር ውስጥ ሦስት ሌሊት በነፃ ተጫወትንና ዕቃችንን አስለቀቅን። በሦስተኛው ሌሊት የመጣው ሕዝብ ከዋናው ዝግጅት ሳይበልጥ አልቀረም፤ ባለቤቱም አንድ ሳምንት ቆዩ ብሎ ለመነን።

አቅራቢዋ፦ ከእናንተ በፊት የነበሩት ሙዚቀኞችስ እንደዚሁ ነበር የሚዞሩት? አባቴ በደርግ ጊዜ ስለነበሩት ኪነቶች ያወራ ነበር።

ባለክራሩ፦ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የወሎው ላሊበላ ኪነት፤ እነዚህ ለአንድ ትውልድ ሙዚቀኛ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። በ1980 ዓ.ም «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ትልቅ የኪነት ጓድ ብዙ አገር የዞረ ጊዜም ከየኪነቱ የተመረጡ ልጆች ነበሩበት። በኪነት ያለፉ ታላላቆቼ እንደነገሩኝ መንገዱ የመንግሥት፣ አበሉም ትንሽ ቢሆን የታወቀ ነበር፤ የሚዘፈነውን ግን ሌላ ሰው ይመርጥላቸው ነበር። እኛ መርጠን ዘፈንን፣ አበላችንን ግን ማንም አላወቀልንም። ከሁለቱ የቱ ይሻላል ብለሽ እንዳትጠይቂኝ።

አቅራቢዋ፦ አልጠይቅም። ይልቅ ከአገር ስለ መውጣት ይንገሩን፤ በሙዚቀኞች ዘንድ «ጠፋ» የሚባል ቃል አለ።

ባለክራሩ፦ ለሥራ ውጭ ሄዶ እዚያው የቀረ ማለት ነው። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄዶ ከአባላቱ ከፊሎቹ ሳይመለሱ ቀርተዋል፤ ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመት ታክሲ እየነዳ፣ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ ይለማመድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል፤ በኋላም ወደ መድረክ ተመልሷል። የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን የስፖርት በዓል በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ገደማ ስለሚውል፣ እዚህ ዝናብና ጾም በሆነበት ሰዓት ለሙዚቀኛ ትልቅ ተስፋ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው በጠፋ ቁጥር ለቀሩት የቪዛው በር ይጠባል። እኔ አንድ ጊዜ ወጥቼ ተመልሻለሁ። ጀግና ስለሆንኩ እንዳይመስልሽ፤ ልጄ ያን ጊዜ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች።

አቅራቢዋ፦ አሁን መንገዱን ትተዋል።

ባለክራሩ፦ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የክልላችን የጸጥታ ሁኔታ መንገድ ለመንገድ መዞርን ከባድ አድርጎታል፤ አቅም ያለው በአውሮፕላን ይሄዳል፤ አሥራ አንድ ሰውና አንድ ኩንታል ስፒከር ግን በአውሮፕላን የሚያጓጉዝ ሠርግ ጥቂት ነው። እኔም ዕድሜዬ ገፋ፤ ቤቴ ተቀምጬ ክራር ማስተማር ጀመርኩ። በዚያ ዓመት ከስንት ጊዜ በኋላ ፋሲካን ቤቴ ዋልኩ። ዶሮው ቀረበ፣ እንቁላሉ ታደለ፣ ልጄ አድጋ ድፎ ዳቦውን ትቆርሳለች። ባለቤቴ ፈረሰኛውን አወጣችና ክዳን ባለው ሣህን አድርጋ ተነሥታ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠችው። እኔ እዚያው ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጬ አያታለሁ።

አቅራቢዋ፦ ምን አሏት?

ባለክራሩ፦ ምንም አላልኳት። እሷ ቡናውን ልታቀርብ ስትነሣ ሄጄ አወጣሁና በላሁት።