«አብላሮን» ያለ «አብላራ» አያቅተውም

ብሩክ፦ ዛሬ ብዙ የስፓኒሽ ተማሪ ደብተሩን ዘግቶ የሚሸሽበት ቦታ ላይ ነን። ኢምፐርፌክቶ ዴ ሱብኹንቲቮ፣ «ቢሆን ኖሮ» እና «ምነው በሆነ» የምንልበት የግስ መልክ።

ሄለን፦ ስሙ ብቻውን ያደክማል!

ብሩክ፦ አሠራሩ ግን ቀላል ነው። «አብላር»ን እንያዝ፣ መናገር። በኃላፊ ጊዜ «ተናገሩ» ምን ነበር?

ሄለን፦ «አብላሮን»።

ብሩክ፦ በቃ፣ መነሻሽ እሱ ነው። «ሮን»ን ቁረጪና «ራ» ቀጥይበት።

ሄለን፦ እኔ አብላራ፣ አንተ አብላራስ፣ እሱም እሷም አብላራ፣ እኛ አብላራሞስ፣ እናንተ አብላራይስ፣ እነሱ አብላራን። የእኔና የእሱ አንድ ነው እንዴ?

ብሩክ፦ አንድ ነው። ካምታታ «ዮ»፣ እኔ፣ ወይም «ኤል»፣ እሱ፣ ትጨምሪበታለሽ። «አብላራይስ» ደግሞ የስፔን ነው። ላቲን አሜሪካ ለ«እናንተ»ም «አብላራን» ነው የሚሉት።

ሄለን፦ «ኮሜር»ስ፣ መብላት?

ብሩክ፦ «ኮሚዬሮን»፣ «ኮሚዬራ»። መኖር «ቢቢዬሮን»፣ «ቢቢዬራ»። ደስ የሚለው ምን መሰለሽ፣ አስቸጋሪዎቹ ግሶችም ከዚህ ሕግ አይወጡም። «ቱቢዬሮን»፣ ነበራቸው፣ ካልሽ «ቱቢዬራ» ነው። ስፓኒሽ እንዲህ ያለ ታማኝ ሕግ በየቦታው አይሰጥሽም።

ሄለን፦ እሺ፣ መቼ ነው የምለው?

ብሩክ፦ «ሲ አብላራስ ኤስፓኞል፣ ትራባኻሪያስ አኪ»። ስፓኒሽ ብትናገሪ ኖሮ እዚህ ትሠሪ ነበር። አትናገሪም ማለት ነው እንግዲህ። «ከተናገርሽ ትሠሪያለሽ» ለማለት ከሆነ ግን «ሲ አብላስ» ይበቃል።

ሄለን፦ እኛም «ብት» እና «ከተ» ብለን እንለየው የለ?

ብሩክ፦ ለዚህ እኮ ነው ለእኛ ሰው ይሄ አይከብድም የምለው። የሚያሳስተው ሌላ ነው። የ«ትራባኻሪያስ»ን «ሪያ» በ«ሲ» ጎንም ያደርጉና «ሲ አብላሪያስ» ይላሉ። ሰሜን ስፔን፣ ባስክ አካባቢ፣ ሲባል ትሰሚያለሽ። ፈተና ላይ ግን ነጥብ ያስቆርጥሻል።

ሄለን፦ ሌላስ የት ይገባል?

ብሩክ፦ ያለፈ ፍላጎት ላይ። «ኬሪያ ኬ አብላራስ ኮን ኤያ»፣ እንድታናግሪያት ፈልጌ ነበር። ምኞትም አለ፣ «ኦኻላ አብላራ ኤስፓኞል»፣ ምነው ስፓኒሽ በቻልኩ! «ኦኻላ» ራሱ ከአረብኛ የገባ ነው፣ አላህ ቢፈቅድ ከሚለው።

ሄለን፦ «አብላሴ» የሚልም አይቻለሁ።

ብሩክ፦ ያው ነው። በንግግር «ራ» ይበዛል። «ሴ»ን ስታነቢ ለይተሽ እወቂያት እንጂ ለመናገር አትድከሚባት። ከሷ ይልቅ ጆሮሽን ለሌላ ነገር አዘጋጂ። «አብላራ» ስትይ «ላ» ላይ ጫን በይ። መጨረሻው «ራ» ላይ ከጫንሽ «ይናገራል» ሆነ፣ የወደፊት ጊዜ። ሲጻፍ ያችን «ራ» ጭረት ይለያታል፣ ሲነገር ግን ድምፅሽ ብቻ ነው የሚለየው።

ሄለን፦ «እኛ» ላይስ?

ብሩክ፦ እዚያም «ላ» ላይ ነው፣ ጭረቱም አይቀርም። እስቲ «ካንታር»ን ሞክሪ፣ መዝፈን።

ሄለን፦ ካንታሮን... ካንታራ፣ ካንታራስ፣ ካንታራ፣ ካንታራሞስ።

ብሩክ፦ «ታ» ላይ ጫን!

ሄለን፦ ካንታራሞስ!